ሰበር የተረጎመው ሕግ ሐርላ መቼ ይደርሳል?

ሕግ ሲወጣ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል። ጋዜጣውን ገልጦ የሚያነበው ሰው ጥቂት ቢሆንም ቅሉ፣ አዋጁ ምን እንደሚል፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸና፣ የትኛውን ሕግ እንደሻረ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። በአገራችን ግን ከአዋጅ የማይተናነስ ጉልበት ያለው፣ በነጋሪት ጋዜጣ የማይወጣ ሌላም ነገር አለ። እሱም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው አስገዳጅ የሕግ ትርጉም ነው።

ችሎቱ በዚህ ወይም በዚያ መዝገብ ሕጉን በትክክል ተርጉሟል ወይስ ተሳስቷል የሚለውን ክርክር የሕግ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲያካሂዱት ኖረዋል፤ ወደፊትም ይቀጥላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትርጉሙ ሳይታሰብ ሲወርድ ሸክሙ የሚያርፈው በማን ትከሻ ላይ ነው? ሸክሙ ከበደ ተብሎ ሲጮህስ የሚቀልለት ለማን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ይልቅ ከሐርላ ሆኖ ማየቱ ይበልጥ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ለምን ሐርላ?

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ስሟ በዓለም መገናኛ ብዙኃን የናኘው በ2009 ዓ.ም. ነበር። በእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራ የአርኪዎሎጂ ቡድን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ ከግብፅ የመጣ ሳንቲም፣ ከህንድና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች እዚህ ማግኘቱን ያስታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ከባሕር ማዶ ጋር ሲገበያይ የኖረ አገር ውል ምን እንደሆነ ከጥንት ያውቃል ማለት ነው።

የዛሬዋ ሐርላ ነዋሪ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሙስሊም ገበሬ ነው። ለሕግ ተመልካች ግን መንደሯ ሌላ የሚስብ ነገር አላት። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በመሆኗ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ከአዲስ አበባ ሌላ በቀጥታ የሚሠራባት እሷ ብቻ ናት። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አሉ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደሩ ቻርተር አዋጅ ቁጥር 416 የተቋቋሙ የከተማ ፍርድ ቤቶች አሉ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም አሉ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወሰኑን የተሻገረ ሰው ደግሞ ኦሮሚያ ክልል ይገባል፤ ክልሉ የራሱ ፍርድ ቤቶችና በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ሁለት እኅትማማቾች፣ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ቢያገቡ፣ ትዳራቸው የሚገዛው በሁለት የተለያዩ ሕጎች ነው።

በዚህ ሁሉ ደጃፍ መካከል የመጨረሻው ቃል የሰበር ችሎቱ ነው። በክልል ሕግ ላይ የተመሠረተ ክርክር እንኳ ለዓመታት እዚያው ሲደርስ ኖሯል። ስለዚህ የችሎቱን አስፈላጊነት ለማስረዳት ሐርላን የመሰለ ቦታ የለም። ጉድለቱን ለማሳየትም እንደዚሁ።

ሥልጣኑ ከየት መጣ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ንዑስ አንቀጽ 3 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማንኛውንም የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር የማየት ሥልጣን ሰጥቶታል። ይህ ብቻውን ውሳኔውን ለሌላ ሰው ጉዳይ አስገዳጅ አያደርገውም። አስገዳጅነቱ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988ን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 454/1997፣ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ የሚገኙትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች እንደሚያስገድድ ደነገገ። ያው አዋጅ ችሎቱ ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችልም አከለበት።

ይህ ለአገሩ የሕግ ባህል ትልቅ ለውጥ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ ነው። እነ ፈረንሳይ በሚከተሉት ሥርዓት ሕግ የሚያወጣው ሕግ አውጪው ነው፤ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 5 ዳኛ በፍርዱ አጠቃላይ ደንብ እንዳያወጣ በግልጽ ይከለክላል። እኛ ኮዱን ከዚያ ወገን፣ የዳኛን ቃል አስገዳጅ ማድረጉን ደግሞ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ወገን ወስደን አንድ ላይ አሰርን። ምክንያቱ ግን የሚናቅ አይደለም። በአንድ የሕግ ቁጥር አንዱ ችሎት አንድ ነገር፣ ጎረቤቱ ተቃራኒውን ሲፈርድ ባለጉዳይ ፍርድን እንደ ዕጣ ይቆጥረዋል። አስገዳጅ ትርጉም ይህንን ለማስቀረት የታሰበ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ እንዴት እንደሠራ በሦስት የሕግ ዘርፎች እንየው።

የቤት ሽያጭ

በመዝገብ ቁጥር 21448 ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ምናልባት ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው ቤት የገባ ነው። ጥያቄው የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በምን ፎርም ይደረግ የሚል ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2877 ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል። አንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት ይላል። ችሎቱ ሁለቱ ተጣምረው መነበብ አለባቸው አለ። በዚህም መሠረት በጽሑፍ ቢሆንም ውልና ማስረጃ ያልቀረበ የቤት ሽያጭ ውል እንደ ረቂቅ እንጂ እንደ ውል አይቆጠርም ተባለ።

የሐርላ ገበሬ መሬቱን አይሸጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይከለክለዋል። ነገር ግን ልጁ ሳቢያን ወይም ለገሃሬ ወርዶ ቤት ቢገዛ እንዴት ይገዛል? አገሩ እንደለመደው ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወረቀት ይጻፋል፣ ሦስት ወይም አራት ምስክር ይፈርማል፣ ብር ይቆጠራል፣ ቁልፍ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ከተሞች ለዘመናት የተሠራበት ይኸው ነው። ከ1999 ዓ.ም. በፊት በዚህ መንገድ የገዛ ሰው ውሉ ሕጋዊ እንደሆነ የሚያምንበት በቂ ምክንያት ነበረው፤ ብዙ ፍርድ ቤቶችም እንደዚያ ሲፈርዱለት ኖረዋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በ1990 ዓ.ም. በ40 ሺሕ ብር ቤት ገዛ እንበል። አደሰው፣ ልጆች ወለደበት። ከአሥር ዓመት በኋላ ሻጩ ወይም የሻጩ ወራሽ መጥቶ ውሉ ፈራሽ ነው ቢል ሰበር የሰጠው ትርጉም ከጎኑ ይቆማል። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ገዢ 40 ሺሕ ብሩን፣ ሻጭ ቤቱን ይወስዳል ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የቤት ዋጋ የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ትርጉሙ ከሕጉ ፊደል አንፃር ሲታይ የሚያስኬድ ነው። ውልን በመንግሥት አካል ፊት ማድረግ ማጭበርበርን ይቀንሳል፤ አንዱን ቤት ለሁለት ሰው መሸጥን ይከላከላል። ችግሩ ትርጉሙ ከዚያ ቀን በኋላ ለሚደረጉ ውሎች ብቻ ነው አለመባሉ ነው። ትናንት የተደረገው ሁሉ በዛሬው መለኪያ ተለካ።

ትዳር፣ ልጅና እምነት

ወደ ቤተሰብ እንሂድ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል፤ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ችሎቱ ግን በመዝገብ ቁጥር 20938 ባልና ሚስት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው፣ አንደኛው ወገን ሌላ ትዳር መሥርቶ ሲኖር ከቆየ፣ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው ፈርሷል ሊባል እንደሚችል ወሰነ። ከሕጉ ዝርዝር ውስጥ የሌለ አንድ የፍቺ መንገድ በፍርድ ተጨመረ ማለት ይቻላል።

ሐሳቡ ለአዲስ አበባ ኑሮ ምክንያታዊ ሊመስል ይችላል። ከዓመታት በፊት ጥሎ ወይም ጥላ የሄደ ሰው፣ ሌላው በሌላ ትዳር ያፈራውን ሀብት በወረቀት ጋብቻ ስም እንዳይካፈል ይከላከላል። በሐርላ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ባሏ ለሥራ ጅቡቲ ወይም ድሬዳዋ ከተማ ሄዶ ሌላ ቤት የመሠረተባትን ሴት አስቧት። በአካባቢው ባህልና እምነት ባል ሁለተኛ ሚስት አገባ ማለት የመጀመሪያዋን ፈታ ማለት አይደለም። እሷም ጎረቤቶቿም ባለ ትዳር ናት ብለው ይኖራሉ። ባልየው ሲሞትና ጉዳዩ መደበኛ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ማንም ሳይነግራት ከዓመታት በፊት ተፈትተሽ ነበር ልትባል ትችላለች። ለአንዱ ፍትሕ ያመጣው ትርጉም ለሌላዋ ንብረት የሚያሳጣት እንዲህ ነው።

ፍርድ ቤቱን መውቀስ ብቻ ግን ሚዛን ማጉደል ይሆናል። በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የተሰጠው ውሳኔ ችሎቱ ያኮራበት ነው። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አክስት ስታሳድገው ቆይታ አባት ሞግዚትነቱ በሕግ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። የበታች ፍርድ ቤቶች የሕጉን ፊደል ይዘው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ጠቅሶ ከሁሉ የሚቀድመው የሕፃኑ ጥቅምና ደኅንነት ነው አለና የበታቾቹን ውሳኔ ሻረ። ዓለም አቀፍ ስምምነት በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ይህን ያህል ሥጋ ለብሶ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህም ትርጉም አስገዳጅ ነው፤ የሐርላ ወላጅ አልባ ልጅም መብት ነው። መብቱ እንዳለው የሚነግረው ካገኘ ማለቴ ነው።

በእምነት ጉዳይ የታየው ደግሞ ሰበርም የመጨረሻ እንዳልሆነ ያሳያል። አስገዳጅነት ከመታወጁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአንድ የውርስ ክርክር ተከሳሾች በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አንፈልግም እያሉ በተቃውሟቸው ላይ ተፈረደ። እስከ ሰበር ድረስ ቢሄዱም ሰሚ አላገኙም። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል ብሎ ውሳኔዎቹን ሻራቸው። ለሐርላ ነዋሪ ከዚህ የበለጠ የሚመለከተው ጉዳይ አለ ብዬ አላስብም። የሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው፤ አለመሄድም እንዲሁ።

ባቡሩና ግልግሉ

ሦስተኛው ዘርፍ የንግድ ግልግል ዳኝነት ነው። ተዋዋዮች የገላጋይ ዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ነው ብለው ከተስማሙ ሰበር ሊያየው ይችላል? ችሎቱ ቀደም ሲል አይቻልም የሚል አቋም ነበረው። በመዝገብ ቁጥር 42239 ግን አቋሙን ለወጠና መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ የተዋዋዮች ስምምነት የሕገ መንግሥቱን ሥልጣን አይገድበውም አለ።

ይህ አቋም ትልቁን ፈተና የገጠመው በድሬዳዋ ወላጅ በባቡሩ ጉዳይ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ሐዲዱን ለማደስ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሥራው ለኮንስታ ለተባለ የውጭ ተቋራጮች ኅብረት ተሰጠ። ሥራው ተቋርጦ ክርክር ሲነሣ ገላጋይ ዳኞቹ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት በብዙ ሚሊዮን ዩሮ የሚቆጠር ገንዘብ እንዲከፍል ወሰኑ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 128086 በ2010 ዓ.ም. ውሳኔውን ሻረው። በአገር ቤት የሕዝብ ገንዘብ ተረፈ ተባለ፤ በውጭ ባለሀብቶችና በጠበቆቻቸው ዘንድ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ግልግል መቀመጥ አያስተማምንም የሚል ወቀሳ ተነሣ።

ጩኸቱ የሚሰማው ለማን ነው?

እነዚህን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ከውሳኔዎቹ በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ያስገርመኛል። የቤት ሽያጩ ትርጉም የተመሠረተበት አንቀጽ 1723 መያዣንም ይጨምራል። ትርጉሙ በተሰጠ በሁለት ዓመቱ፣ በ2001 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 639 አወጣ። አዋጁ ለባንክና ለአነስተኛ የገንዘብ ተቋማት ብድር የሚሰጡ የመያዣ ውሎችን በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መመዝገብ ሳያስፈልጋቸው እንዲጸኑ ፈቀደ። ባንኩ ከአንቀጽ 1723 ቀንበር ወጣ። በሽማግሌ ወረቀት ቤት የገዛው ሰው እዚያው ቀንበሩ ሥር ቀረ።

በግልግሉም ዘርፍ መፍትሔ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. አገሪቱ የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን የሚመለከተውን የኒውዮርክ ኮንቬንሽን አጸደቀች። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ ተዋዋዮች በሰበር እንዳይታይ መስማማት እንዲችሉ በሩን ከፈተላቸው። ባለሀብቱ ተሰማ።

ባንኮች እፎይ ማለታቸውንም ሆነ ባለሀብት መተማመን ማግኘቱን አልቃወምም። የምለው ይህ ነው፤ አስገዳጅ ትርጉም ሲወርድ በሁሉም ላይ እኩል ይወርዳል፣ ማሻሻያው ግን ጠበቃና ማኅበር ላለው ብቻ ይደርሳል። ሳይነገራት የተፈታችው ሚስትና ወረቀቱ ረቂቅ የተባለበት ቤት ገዢ ማኅበር የላቸውም። ስለዚህ ለእነሱ የተለየ አዋጅ አልወጣላቸውም። ሕግ በእኩል ሚዛን ይሠራል ለማለት ትርጉሙ እኩል መውረዱ አይበቃም፤ ቅሬታም እኩል መሰማት አለበት።

አዲሱ አዋጅና ቀሪው ሥራ

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ከነዚህ ችግሮች አንዳንዶቹን ለማስተካከል ሞክሯል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ምን እንደሆነ ተረጎመ። ቀድሞ የተሰጠ ትርጉምን ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች መሰየም እንዳለባቸው ደነገገ፤ ይህም አቋም በየወቅቱ እንዳይገለባበጥ ልጓም ነው። ትርጉሙ አስገዳጅ የሚሆነው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ መሆኑንም ገለጸ። ውሳኔዎቹም በኅትመትና በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ለሕዝብ እንዲደርሱ ያዛል።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ይጎድላል። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። ትርጉሙ ከዛሬ ጀምሮ አስገዳጅ ነው ማለት ፍርድ ቤቶች ከዛሬ ጀምሮ ይከተሉት ማለት ነው። ነገ የሚከፈተው መዝገብ ከ15 ዓመት በፊት የተጻፈ ውል ቢሆንስ? በዚያኛው ጊዜ ሰው ሁሉ በሌላ መንገድ ሲሠራ ከነበረ አዲሱ ትርጉም ለወደፊት ብቻ ይሁን ብሎ በውሳኔው ውስጥ መጻፍ ይቻላል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህንኑ አድርጓል፤ የቀድሞ አቋሙን ሲለውጥ ያለፈውን ሳይነካ አዲሱ ትርጉም ለሚመጣው ብቻ እንዲሠራ ወሰነ። የኛ ሰባት ዳኞች ይህን እንዳያደርጉ የሚከለክል ድንጋጌ አይታየኝም።

ሁለተኛው የመድረስ ጉዳይ ነው። ውሳኔዎቹ ከ20 በሚበልጡ ቅጾች ታትመዋል። የተጻፉት በአማርኛ፣ ያውም የሕግ ሰው በሚናገረው አማርኛ ነው። ለጠበቃና ለዳኛ ይበቃ ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ ለሚያስብና ለሚነጋገር የሐርላ ገበሬ፣ በሶማሊኛ ለሚናገረው የድሬዳዋ ነዋሪ ግን ቅጹ ተዘግቶ እንደተቀመጠ ነው። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም የሚለው መርህ መንግሥት ሕጉን የማስታወቅ ግዴታውን ተወጥቷል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። ግዴታው ካልተፈጸመ መርሁ ወጥመድ ይሆናል።

ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ችሎቱ የተራውን ሰው ኑሮ የሚነካ ትርጉም ሲሰጥ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በቀላል ቋንቋ ይጻፍ፤ ወደ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ይተርጎም፤ በአካባቢ ሬዲዮ ይነበብ፤ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቤት የምትገዙ ሽማግሌ ካስፈረማችሁ በኋላ ውልና ማስረጃ ሳትሄዱ ብር አትቁጠሩ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ሙሉ ቅጽ የበለጠ ቤት ያድናል። ባልሽ ከሄደ ዓመታት ካስቆጠረ የትዳርሽን ጉዳይ በጊዜ ፍርድ ቤት አሳውቂ የሚል ምክር ደግሞ አንዲትን ሴት ከባዶ እጅ ያድናታል።

የሰበር ችሎቱ ለአገሩ ያስፈልጋል። በድሬዳዋና በዙሪያዋ እንዳለው የተደራረበ የሕግ ሥርዓት አንድ የሚያደርገው ቃል ከሌለ ፍትሕ በሰፈር ይለያያል። ነገር ግን ቃሉ የሚከበረው ሲሰማ ነው። አምስት ዳኞች አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት ትርጉም በዚያው ዕለት ሐርላን ያስገድዳል፤ ወሬው ግን 15 ዓመት ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜም በክስ መጥሪያ መልክ ይደርሳል። ፍርድ ቤቱ በሚቀጥሉት ዓመታት በስንት መዝገብ ፈረደ ተብሎ ከሚመዘን ይልቅ፣ ያ ርቀት በምን ያህል አጠረ ተብሎ ቢመዘን ይሻላል።